ከጎታው ኋላ የለሁም

እማማ አስካለ ማረፋቸውን የነገረኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ ያውም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ጎንደር! ጎንደር!" እያለ። እኔ ዳባት መንገድ ዳር ሽንኩርት እመርጥ ነበር። "ቲቸር፣ ደባርቅ የአህያ ግቢዋ እማማ አስካለ ዐረፉ እኮ! አርባቸውም ደርሷል፤ አልሰሙም እንዴ?" አለኝና መኪናው ይዞት ሄደ። የመረጥኩትን ሽንኩርት መልሼ ቁልሉ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ሰው ቢሆን እንባ ይቀድመዋል፤ እኔን ፊቴን ነደደኝ። ዳባትን የሚያህል ቅርብ ቦታ ተቀምጬ ቀብራቸው አመለጠኝ። ይኼ ግን የሐፍረቴ ትንሹ ነው። ትልቁ የጠበቀኝ እዚያው ደባርቅ፣ አርባቸው ላይ ነው።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ አስተምር ነበር። ባሌ ሥራው ሁመራ ስለነበር እኔና ልጄ ትርንጎ ብቻችንን አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አጥር የምንጋራው ከእማማ አስካለ ጋር ነው። የእሳቸው ግቢ በገበያ ቀን ከቆላ የሚወጣው ሰው አህያውን የሚያስርበት፣ ጠላውን የሚጠጣበት፣ ከመሸበትም ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድርበት ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፃቸውን አጥር የማያግደው ሴት ነበሩ። ሕፃኑን ሁሉ "አንተ ሰውዬ"፣ "አንቺ ሴትዮ" ይሉታል፤ ትልቁን ሰው ደግሞ "አንተ ልጅ"። የቀበሌውን ሊቀመንበር "ና እስቲ አንተ ልጅ!" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽጉጡን እንደታጠቀ መጣላቸው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከቆላ የሚወጣው ሰው መልእክቱን ሁሉ እሳቸው ላይ ይጥላል። "ለእህቴ ላሚቱ ወለደች በሉልኝ"፣ "ለልጄ ክረምቱ ሳይገባ ይምጣ በሉልኝ" ይላል። እሳቸው ለያንዳንዱ አደራ የነጠላቸውን ጫፍ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ፤ ሲያደርሱ ይፈታሉ። አንዳንዴ ነጠላው ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አይና፣ "እማማ፣ በዚህ ነጠላ ነው የሚያስቀድሱት?" ብዬ እስቅባቸዋለሁ። "አደራ ይዞ ማስቀደስ ምን ነውር አለው? ነውሩ ረስቶ ማስቀደስ!" ይሉኛል፤ ተቆጥተው ነው፣ አልቀለዱም።

አባቴ የሚኖረው ዛሪማ ነው። ከሊማሊሞ ገደል በታች፣ ሙቀቱ ሌላ፣ እህሉ ሌላ፣ ሰዉም ከደጋው ሰው ጋር እየተጠራጠረ የሚገበያይበት አገር። ትርንጎ ደባርቅ ተወልዳ ስታድግ አይቷት አያውቅም። አንድ የገበያ ቀን ማር አስጭኖ፣ ከአህያ ነጂዎች ጋር ገደሉን ወጥቶ፣ ሳይነግረኝ መጣ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ልጄ ደጅ ትጫወታለች።

ያን ሰሞን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጧት እስከ ማታ የሚያወራው ስለ ወንበዴ ነው። ወንበዴ ከቆላ ይመጣል፣ ወንበዴ እህል ሻጭ መስሎ ይገባል፣ ፀጉረ ልውጥ ያየ ይጩኽ። ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ታዲያ ልጄ ፊቱ በቆላ ፀሐይ የጠቆረ፣ ዱላ የያዘ፣ አቧራ የለበሰ ሽማግሌ "ነይ እስቲ የኔ እናት" ብሎ እጁን ሲዘረጋላት ምን ብትል ጥሩ ነው? "ወንበዴ መጣ!" ብላ ጮኸች። ወይ ጉዴ! አብዮት ጠባቂዎቹ ደግሞ ከእማማ አስካለ ጠላ ቤት ነበሩ።

ስመለስ አባቴን ወስደውታል። እማማ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። "አንቺ እዚያ የሰው ልጅ ታስተምሪያለሽ፤ እዚህ ያንቺ ልጅ አያቷን ታሳስራለች። ነጠላሽን ልበሽና ነይ!" አሉኝ።

ቀበሌው ስንደርስ አባቴ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጥምጥሙን አስፈትተውታል። የአባቴን ራስ ያለ ጥምጥም በሰው ፊት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እማማ አስካለ በሩን እንዳለፉ ጀመሩ።

"እናንተ ልጆች! ማን ጠቁሟችሁ ነው የያዛችሁት?"

"ሕፃን ጮኻ ነው እማማ፤ ሕፃን አይዋሽም።"

"የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ! እናንተ ጥሬውን ቆረጠማችሁ። ይኼ የቲቸሯ አባት ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ጥምጥሙን ስጡት!"

ጥምጥሙን ሰጡት። አንደኛው "ይቅርታ አባት" አለ፤ አባቴ ቀና ብሎም አላየው። ውጭ ስንወጣ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ አነሣኝ። "ተይ፣ አልተቀየምኩም" አለኝ፤ "ልጅ የነገሯትን ነው የምትል። ብቻ ሳታውቀኝ ደጅሽን አልረግጥም። ዛሬ አሳሰረችኝ፣ የሚቀጥለው ደግሞ ምን ይሁን?" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የቤቴን በር አልፎ እማማ አስካለ ግቢ ገባ፤ ከአህዮቹ ጋር አደረ። የወለደኝ አባት፣ ከቤቴ አጥር ማዶ፣ ግርግም ሥር! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል። ጎሕ ሲቀድ ማሩን እማማ አስካለ ዘንድ ትቶ ወረደ። ከዚያ ማር ጣቴን አልነከርኩም፤ በምን አፌ!

ትርንጎ ግን የልጅ ነገር፣ በማግስቱ የእማማ አስካለን ቀሚስ ይዛ "ያ ሽማግሌ የት ሄደ?" ትላለች። እኔ "ዝም በይ!" ልላት አፌን ስከፍት እማማ አስካለ ቀደሙኝ።

"ተደብቋል።"

"የት?"

"ይኼማ ይነገራል? አንቺ ሴትዮ ፈልጊው እንጂ! እሱ እኮ አያትሽ ነው፤ አባባ ነው። ሊጫወት መጥቶ አንቺ ስትጮኺ ጊዜ ሄዶ ተደበቀ።"

ትርንጎ ግቢውን አሰሰች። ጋኑ ኋላ የለም፣ ጭድ ክምሩ ውስጥ የለም። "የለም እኮ!" አለች ተበሳጭታ። "እዚህ የት ይገኛል! እሱ የተደበቀው ዛሪማ ነው፤ ቤቱ ውስጥ። የት የት እንደሆነ ገምቺና ለአያ ደስታ ንገሪው፤ እሱ ሄዶ ያይልሻል" አሏት።

አያ ደስታ የዛሪማ ነጋዴ ነው፤ ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ ሽምግልና የሚቀመጥ ትልቅ ሰው። ትርንጎ ጆሮው ሥር ገብታ "ከጎታው ኋላ ነህ ወይ በለው" አለችው። ጎታ የት እንዳየች እንጃ፤ የእማማ አስካለን አይታ ይሆናል። አያ ደስታ እኔን አየኝ፣ እማማ አስካለን አየ። "እኔ ይኼን ተሸክሜ ሊማሊሞን ልውረድ?" አላቸው። "ጨው ትሸከም የለ? ይኼ ከጨው ይከብዳል?" አሉት፤ የነጠላቸውንም ጫፍ ቋጠሩ።

የመጀመሪያዎቹ ገበያዎች መልስ አልመጣም። አባቴ ኩርፊያው አልለቀቀውም። አያ ደስታም ሲመጣ እያፈረ "ነገርኩት፤ ዝም አለ" ይላል። እኔ "እማማ፣ ይተዉት፤ የባሰ አይዋረድ" አልኳቸው። "አንቺ ዝም በይ፤ እሱ የተቀማው የልጅ ልጁን ጨዋታ ነው፣ ይመለስለት" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ደስታ አህዮቹን ሳያስር፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ትርንጎ ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌ ለእርቅ ሲላክ እንደሚቆመው ነው የቆመ። "አባባ እንዲህ ብለዋል" አለ፤ "'ከጎታው ኋላ የለሁም። ጎታዬ ግድግዳ ተጠግቷል፣ ሰው አያስገባም። ደግመሽ ሞክሪ።'" ግቢው በሳቅ አበደ። እማማ አስካለ ብቻ አልሳቁም፤ ቀስ ብለው ቋጠሮውን ፈቱና ወዲያው ሌላ ቋጠሩ።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ያላየችውን ቤት በፍለጋ አወቀችው። ከንብ ቀፎው ሥር? "የለሁም፤ ንቦቹ አንቺን ካላየን አናስጠጋም ብለውኛል።" ከበሬዎቹ መካከል? "የለሁም፤ አንዱ በሬ ተዋጊ ነው፣ ስሙ ቡሬ።" ከዋርካው ጀርባ? "አገኘሽኝ! የዋርካውን ጀርባ ማን ነገረሽ?" ያን ቀን ትርንጎ ግቢውን ዞራ ዞራ ልትጨርሰው! "አባባን አገኘሁት!" እያለች ለአብዮት ጠባቂው ሳይቀር ነገረችው፤ ያ ራሱ ነው ጥምጥም ያስፈታው። አንገቱን ደፋ።

ቀጥሎ የመደበቁ ተራ የእሷ ሆነ፤ ፈላጊው አባቴ። አያ ደስታ ግምቱን ይዞ ይመጣል። "ከአህዮቹ ግርግም ሥር ነሽ ወይ?" "የለሁም!" "ከጠላው ጋን ኋላ ነሽ ወይ?" "የለሁም!" "ጭዱ ውስጥ ነሽ ወይ?" ትርንጎ ትፈነድቃለች፤ እኔ ግን አንድ ቀን ገባኝና ጆሮዬ ጋለ። አባቴ የሚገምተው ሁሉ የእማማ አስካለን ግቢ ነው። የልጅ ልጁ ቤት ውስጡ ምን እንደሚመስል አያውቅማ! ያደረው ግርግም ሥር ነው፤ የሚያውቀውም ግርግሙን ነው። እሷ ደግሞ ተደብቄያለሁ የምትለው አልጋዬ ሥር ነው። እድሜ ልኩን ቢገምት አያገኛትም።

"አልጋ ሥር ናት ብለህ ንገረው፤ አፈር ልብላልህ!" አልኩት አያ ደስታን በስውር። እማማ አስካለ ሰሙኝ። ያን ጊዜ ነው የተቆጡኝ፣ የምራቸውን። "ታበላሺዋለሽ! ተነግሮት ካገኛት ምኑን አገኛት? አንቺ አስታራቂ አይደለሽም፤ አርፈሽ ቁጭ በይ!"

በዚያው ሰሞን ከአስመራ የሚመለስ የጭነት መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። እማማ አስካለ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ነጠላቸው እየተጎተተ ሮጡ። ሾፌሩን በመስኮቱ ያዙት።

"ነገርክልኝ? ምን አለች?"

"ነግሬያለሁ እማማ። ደህና ነን ብለዋል።"

"ልጅቱ ራሷስ? አፏን ከፍታ ምን አለች?"

"ደህና ናት። አድጋለች።"

"አይ... ደህና ናት" አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ አዩት፣ ቋጠሮውን ሳይፈቱት ተመለሱ። ማን ናት ብዬ ጠየቅኳቸው። "የልጄ ልጅ ናት። እናቲቱ በወሊድ ሞተችብኝ፤ የአባቷ ወገኖች አስመራ ያሳድጓታል። አማርኛም አያውቁ፤ ደጎች ናቸው" አሉኝ። "ደህና ናት ካሉማ እግዜር ይመስገን እንጂ እማማ!" አልኳቸው። "ይመስገን" አሉና ወደ አህዮቻቸው ሄዱ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ውጊያው ገደሉ ሥር ደረሰ ተባለ፤ ከቆላ የሚወጣ አህያ ጠፋ፣ የአስመራ መኪናም ጠፋ፤ የእማማ አስካለ ግቢ ባዶውን ቀረ። ትርንጎ ግን አልገባትም። በገበያ ቀን አልጋዬ ሥር ትገባና "አባባ እስኪያገኘኝ አልወጣም" ትላለች። ምሳዋን እዚያው አቀብላታለሁ። ተነሥቼ እማማ አስካለ ጋ ሄድኩ። "እማማ፣ እርስዎ አንድ ነገር ይፍጠሩላት። 'አባባ አገኘሁሽ ብሏል' ይበሏት፤ ምን ገደደዎ?"

"እችላለሁ" አሉ፤ "ማታለሉ አያቅተኝም። ግን እኔ በሱ ቦታ ከመለስኩላት የምታውቀው እኔን ነው። እሱ ሲመጣ ደግሞ ትጮኻለች።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰው ተራው እስኪደርሰው መጠበቅ አለበት። እኔም እጠብቃለሁ፤ ምንም አልሆንኩም" አሉኝ። ይኼኛውን እንደ ተራ ወሬ ሰማሁት።

ደግሞ አንድ የገበያ ቀን፣ ገበያው ገበያ ሳይመስል፣ ከኬላው አብዮት ጠባቂ መጣ። "እማማ አስካለ፣ አንድ ሽማግሌ በእግሩ ወጥቶ 'ዋሴ አስካለ ናት' ይላል" አላቸው። ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። አባቴን ይዘው ሲገቡ በቤቴ በር ቀዳዳ አየሁ፤ እግሩ ቆስሏል፣ ከስቷል። ወደ እኔ አልመጣም። ያ ቃል አለዋ፤ ሳታውቀኝ ደጅሽን አልረግጥም ያለው። ግቢው መካከል ቆመና ግርግሙን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጋኑን ዞረ፣ ጭዱን በዱላው ከፈት ከፈት አደረገ። የሚያውቀው ቦታ አለቀበት። ከዚያ ዐይኑን በመዳፉ ሸፈነ፤

"አኩኩሉ!" አለ።

ከአልጋዬ ሥር "አልነጋም!" የሚል ጩኸት ወጣ። ደነገጥኩ፤ ያን በወሬ የሰማሁትን የመጀመሪያውን ጩኸት ነው ያስታወሰኝ። አባቴም ደርቆ ቀረ። ድምፁ ከእኔ ቤት ነው፣ ደጄን አልረግጥም ብሏል። "ግባ" ልለው አልቻልኩም፤ በምን ፊቴ? በሩን ብቻ ከፍቼ ግድግዳ ተጠግቼ ቆምኩ።

"አንተ ልጅ!" አሉ እማማ አስካለ ከኋላው። "ትፈልጋለህ ወይስ ትገተራለህ? ድምፁ ከየት ነው የመጣው?"

"ከዚያ ነው እመይቴ" አለ አባቴ፣ የቤቴን በር እያሳየ።

"ታዲያ ሂድና ፈልግ! ጨዋታ ደጅ አይመርጥም።"

ደፌን ረገጠ። በሩ ላይ ደግሞ "አኩኩሉ?" አለ። "ነግቷል!" አለች። በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አልጋውን ተደግፎ ጎንበስ አለ፤ ዐይን ለዐይን ተያዩ። ልጄ አቧራ ለብሳ፣ ተኮሳትራ ወጣችና "አባባ! በጣም ቆየህ እኮ!" አለችው። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ስንሰቀሰቅ እማማ አስካለ ደፍ ላይ ቆመዋል፤ አልገቡም። የነጠላቸውን ቋጠሮዎች ፈቱ። አንዷን ብቻ ሳይፈቱ ተዉና ወጡ። አይቻለሁ፤ አልጠየቅኩም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ኖሮ፣ ትርንጎን ጠግቦ፣ በዕድሜው ሞተ። እኔም ወደ ዳባት ተዛወርኩ። ደርግ ወደቀ፣ መንገዱ ተከፈተ፤ እማማ አስካለም ዐረፉ።

ለአርባቸው ትርንጎን ይዤ ደባርቅ ወጣሁ። ቁመቷ ከእኔ በልጧል። ግቢውን እንዳየች "እማማዬ!" ብላ ደረቷን ስትደቃ ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር አለቀሰ፤ የመጣው ሁሉ እሷን "እግዜር ያጽናሽ" ይላታል። እኔም እንደ ቤተሰብ ከፊት ተቀመጥኩ። በር አጠገብ፣ ጫማ ከሚወለቅበት፣ አንዲት ጠይም ልጃገረድ ተቀምጣለች። ማንም እጇን አልጨበጣትም። "ማናት?" አልኩ አጠገቤ ያለችውን ሴት። "የልጃቸው ልጅ ናት፤ ሰናይት። መንገዱ ሲከፈት ልታያቸው ከአስመራ መጥታ ለአርባቸው ደረሰች" አለችኝ። እኔን ይድፋኝ! የእሷን ቦታ ይዤ፣ የእሷን እግዜር ያጽናሽ እየበላሁ! ተነሥቼ እጇን ይዤ ወደ ፊት አመጣኋት፤ እያፈረች መጣች። እሷ ምን ያሳፍራታል?

ሴቶቹ የእማማን ዕቃ ሲያወጡ ነጠላቸው ወጣ። ጫፉ ላይ አንዲት ቋጠሮ አለች፤ ከመክረሟ ጠቁራለች። "ይቺ የማን አደራ ናት?" ተባባሉ። ማንም አላወቃትም። ያልደረሰ አደራ መፍታት ነውር ነው ብለው ተዉት።

ሰናይት በትምህርት ቤት አማርኛዋ፣ ቃሉን እየመረጠች ትርንጎን ጠየቀቻት። "ልጅ ሆኜ ሾፌሮች ከእማማ አንድ ቃል ያመጡልኝ ነበር። 'አኩኩሉ በያት ብለዋል' ይላሉ። የአባቴ እናት ሰላምታ መስሏት 'ደህና ነን' ትላቸዋለች። ሾፌሮቹም ይስቃሉ እንጂ አይነግሩንም። መንገዱ እስኪዘጋ እንዲሁ ነበር። መልሱ ግን ምንድን ነው?"

ትርንጎ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

"አልነጋም ነው የሚባለው" አለቻት ልጄ።

ሰናይት ነጠላውን ከሴቶቹ እጅ ተቀበለች። ቋጠሮዋን አፏ አጠገብ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ በዚያ በአስመራ አነጋገሯ "አልነጋም፣ እማማ" አለች። ከዚያ ልትፈታው ታገለች። አልፈታ ሲላት በጥርሷ ፈታችው። ቤቱ ሁሉ አዲስ ለቅሶ ሆነ፤ እኔ ብቻ ቀና ማለት አልቻልኩም። ያን ቀን መኪናው ዳር አጠገባቸው ቆሜ "እግዜር ይመስገን እንጂ እማማ" ያልኳቸው እኔ ነኝ።